አቶ ተገላገልኩ

ሚስተር ዲተር ሞተ አሉ። የነገረችኝ እህቱ ናት፤ ስልኬን ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ባለፈው ሰሞን ደወለችልኝ። የሞተው እዚያው አገሩ ጀርመን ነው፤ ቃሊቲ ቁጭ ብሎ ጠዋት ማታ ሲያማው በኖረው አገር። ዳሌውን ሊታከም ሄዶ በዚያው ቀረ። "ቀብሩ ላይ ሰው መጣ?" ብዬ ብጠይቃት "እኔና ባለቤቴ ነበርን" አለችኝ። በል እንግዲህ ምን ይባላል! እዚህ ቃሊቲ ቆሜ እኔ አፈርኩ።

ሰው ስለማይረሳው ሰው ሲጽፍ ደግ ሰው ይመርጣል። አስተማሪዬ እንደ አባቴ ነበሩ፣ ጎረቤቴ ካፋቸው ነጥቀው አጎረሱኝ እያለ አንባቢውን ያስለቅሳል። እኔ እንደዛ አይነት ጽሁፍ አልወድም። ብፈልግ ግን ከማንም በላይ እጽፈዋለሁ፤ ያውም ትምህርት ቤት ደጃፍ ብዙ ሳልቆም። ዛሬ የምጽፈው አጥብቄ ስለናቅኩት ሰው ነው። ደጋጎቹንማ ረስቻቸዋለሁ፤ የአንዳንዶቹ ስም እንኳን ይጠፋኛል። ይሄን ሰውዬ ግን እስከነ ካልሲው አስታውሰዋለሁ። ካልሲውን ከሰንደል ጫማ ጋር ነበር የሚያደርገው።

ዲተር ቃሊቲ የመጣው ከአንድ የሳሙና ፋብሪካ ማሽን ጋር ነው። ማሽኑን ሊተክል መጣ፣ ማሽኑ ተተከለ፣ እሱ ግን አልነቀልም አለ። ጊዜው ፋብሪካዎች ከመንግስት እጅ እየወጡ ለግለሰብ የሚሸጡበት ነበር፤ አዲሱ ባለቤት ግቢው ውስጥ ፈረንጅ ሲንጎራደድ ማየት ደስ ይለው ስለነበር ኮንትራቱን ያራዝምለታል። እኔ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ። ከአቃቂ በሰቃ እስከ ሳሪስ አቦ ተቃጥሎ በኔ እጅ ያልተነሳ ዲናሞ ካለ ይንገሩኝ። እንግሊዝኛም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከጄነሬተር ማኑዋልና ከሬዲዮ ነው የለቀምኩት። ስለዚህ የኔ እንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ይበዛበታል። "አትንካ"፣ "መጀመሪያ አጥፋ"፣ "እጅህን አታስገባ" የሚሉትን እንደ ውሃ ነው የምጠጣቸው። የዲተርም እንግሊዝኛ ከኔ ብዙ አይሻልም፤ ስለዚህ በደንብ ተግባባን። አስተርጓሚውም፣ አማካሪውም፣ ጠበቃውም እኔ ሆንኩ።

የሚኖረው እትዬ ዘነበች ግቢ፣ የኋላውን ቤት ተከራይቶ ነው። እትዬ ዘነበች ባላቸውን ቀብረው ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሴትዮ ናቸው። እራቱን የሚሰሩለት እሳቸው ናቸው፤ ሽሮ ይወዳል። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ሲናገር ሌባ ጣቱን ያነሳል። ጣቱ ካልተነሳ ቃሉ የማይወጣ ይመስላል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳህኑን እየጠራረገ "የከበደኝ ነገር ከላዬ ሲወርድልኝ በአማርኛ ምን ልበል?" አለኝ።

"ተገላገልኩ በል" አልኩት።

"ተገላገልኩ" አለ። ቀመሳት። ጣፈጠችው።

ምነው ያን ቀን አፌን በያዘኝ! ከዚያ ወዲያ ሌላ የአማርኛ ቃል ጭንቅላቱ ውስጥ አልገባ አለ። እንደምን አደርክ አይችልም፣ አመሰግናለሁ አይችልም፣ ተገላገልኩን ግን እንደ ቃሊቲ ልጅ ነው የሚላት። የአገሩ ነገር ከተነሳ በእንግሊዝኛ ይጀምርና በተገላገልኩ ይዘጋዋል። ሰፈሩም ጊዜ አላጠፋም፤ አቶ ተገላገልኩ ብሎ ስም አወጣለት።

"እኛ አገር" ይላል ጣቱን አንስቶ፣ "እሁድ ከሰዓት ሚስማር ብትመታ ጎረቤትህ ፖሊስ ይጠራብሃል። ተገላገልኩ! ደረጃ የመጥረግ ተራ አለ። ተራህ ሲደርስ በርህ ላይ ምልክት ይንጠለጠላል። ካልጠረግክ ታች ያለችው አሮጊት ጣቷን በደረጃው ላይ አሽታ አቧራውን ታሳይሃለች። ተገላገልኩ! ጓደኛህ ቤት ለመሄድ ከወር በፊት ቀጠሮ ነው። ለውሻህ ግብር ትከፍላለህ። ህዳር ላይ አስር ሰዓት ሲሆን ይጨልማል፤ እራትህ ደግሞ ቀዝቃዛ ዳቦ ነው። ተገላገልኩ፣ ተገላገልኩ፣ ተገላገልኩ!"

ይሄን ሁሉ የሚያወራው ጋሽ ከድር ሱቅ በር ላይ ቆሞ ነው። ጋሽ ከድር የስልጤ ሰው ናቸው፤ ስኳርና ዘይት ይሸጣሉ፣ የመስመር ስልክ ያላቸው በዚያ ሰፈር እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ የእድራችንም ዳኛ ናቸው። እኔ ስተረጉምላቸው ሚዛናቸውን እየወለወሉ ያዳምጡና "ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ አገር ነው የሚያወራው ወይስ እስር ቤት?" ይሉኛል። ማረሚያ ቤቱ ጎረቤታችን ስለሆነ እኛ ሰፈር በእስር ቤት ነገር ማንም አያታልለንም።

መጀመሪያ መጀመሪያ አዘንኩለት። ሰው ከሌለበት ወጥቶ ሰው ጋ መጣ ብዬ ኮራሁም። እያደር ግን ነገሩ ገባኝ። ሰውየው ምንም የተገላገለው ነገር የለም! ሁሉንም ሻንጣው ውስጥ አጣጥፎ ይዞት መጥቷል።

ለምሳሌ ተገላገልኩት ብሎ ከሚምልባቸው ነገሮች አንዱ ቆሻሻ መለየት ነበር። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ዘነበች ግቢ ውስጥ ሦስት ማዳበሪያ ደረደረ፤ አንዱ የወረቀት፣ አንዱ የላስቲክ፣ አንዱ የምግብ ትራፊ። እሳቸው የሽንኩርት ልጣጭ ወረቀቱ ውስጥ ከጣሉ ለቅሞ አውጥቶ ቤታቸው ድረስ ይዞላቸው ይሄዳል። ቆሻሻ የሚያነሱት ጎረምሶች ጋሪያቸውን እየገፉ መጡና ሦስቱንም ማዳበሪያ አንድ ላይ ዘርግፈው ሄዱ። ዲተር ፊቱ በርበሬ መሰለ።

"ምን ብዬ ልስደባቸው?" አለኝ።

"ተገላገልኩ በል" አልኩት።

ሰው ያለ ቀጠሮ አይመጣም እያለ አገሩን ያማል አይደል? እትዬ ዘነበች የበዓል ድፎ ዳቦ ይዘው ሲያንኳኩ ደግሞ በሩን በትከሻው ገጥሞ ሰዓቱን ያያል። ዳቦውን ይቀበላል፣ በሩን ይዘጋል።

"ግቢ አይልም እንዴ ይሄ ሰው?" አሉኝ።

"ቀጠሮ የለዎትማ እትዬ።"

"በገዛ ቤቴ? ምን ያለው ደረቅ ነው!"

አውራ ዶሯቸው በጠዋት እንዳይጮህ ቆርቆሮ እንዲደፉበትም ጠይቋቸው ነበር። እሱን አልተረጎምኩላቸውም። ሰው ለማትረፍ ስል ያልተረጎምኩት ብዙ ነገር አለ።

አንድ ጠዋት ግን ሌላ ነገር ሆነ። ወደ ስራ ስንወጣ መንገዱ በድንኳን ተዘግቷል። ሰዉ ከዳር እስከ ዳር ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል፤ መቀመጫ ያጣው ቆሟል። ዲተር ቀጥ አለ።

"ሚኒስትር ነው የሞተው?"

"ኧረ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ናት" አልኩት።

"ቤተሰቦቿ ናቸው ይሄ ሁሉ?"

"እድርተኞች ናቸው።"

ያኔ ነው አንድ ነገር የነገረኝ። አገሩ እያለ በሚኖርበት ፎቅ አንድ ሰውዬ ሞተ አለኝ። የታወቀው የፖስታ ሳጥኑ ሞልቶ ወረቀቱ ደረጃው ላይ ሲፈስ ነው። ድርጅት መጥቶ አነሳው፣ ድርጅት ቀበረው። "የኔም እንደዛ ነው የሚሆነው ብዬ ሁልጊዜ አስብ ነበር" አለኝ፤ ጣቱን ሳያነሳ። ከዚያ ድንኳኑን አየና "ለኔም እንደዚህ ይደረግልኛል?" አለኝ።

"እድር ከገባህማ!"

"ምን ይጠይቃል?"

"መምጣት ነው። ሰው ሲሞት መምጣት፣ መቅበር፣ መቀመጥ። በቃ።"

ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ከድርን ያሳመንኩበትን አንደበት ፓርላማ ውስጥ ብጠቀምበት ዛሬ የት በደረስኩ። ሰዉም ሳቀና ተቀበለው። የእድራችን የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ፈረንጅ ዲተር ነው።

ከገባ በኋላስ? ከገባ በኋላ አንድም ለቅሶ አልመጣም! የእድሩ ጥሩምባ በንጋት ሲነፋ መስኮቱን ከፍቶ ያጉረመርማል እንጂ አይወጣም። የቀረ ሰው ቅጣት አለበት፤ እሱ ቅጣቱን በፋብሪካው ዘበኛ ይልካል። ሄጄ ለመንኩት፣ ቆጣሁትም።

"ሟቿን አላውቃትም እኮ!" ይለኛል። "የማላውቃት ሴት ቤት ገብቼ ምን ብዬ እቀመጣለሁ?"

"አንተንስ ማን ያውቅሃል?"

"እኔማ እከፍላለሁ።"

ጋሽ ከድር ይሄን ስነግራቸው ሚዛኑን አስቀመጡት። "ለራሱ ሞት ቀብድ አስይዟል፤ የኛን ሞት ግን አይፈልገውም" አሉ። "ንገረው። አሁንም እንዲህ ከቀጠለ ስሙ ይሰረዛል። ሲሞት ድርጅቱ ይምጣለት።"

ነገርኩት። ደነገጠ። ፈረንጅ ሲደነግጥ ጆሮው ነው መጀመሪያ የሚቀላው። "አትሰርዙኝ" አለ። "ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ይቺን ግን አትውሰዱብኝ።" ምን ዋጋ አለው፣ ቀጥሎ ባለው ለቅሶም ቀረ። ቦይለር እያጠብኩ ነበር አለ። እኔም ናቅኩት፤ እስከ ዛሬ ሰው እንደዛ ንቄ አላውቅም። ሬሳውን ለኛ ሊያሸክም የሚፈልግ፣ የኛን ግን በጣቱ ጫፍ የማይነካ!

በዚህ መሀል ነው ስልኩ የተደወለው። አምፖል ልገዛ ጋሽ ከድር ሱቅ ቆሜያለሁ። ስልኩ ጮኸ፣ አነሱት፣ የፈረንጅ አፍ ሲሆንባቸው እንደ ትኩስ ድንች ወረወሩልኝ። ሴት ናት። የዲተር እህት ነኝ አለች። ፋብሪካው ጋ ደውላ አጥታው የሱቁን ቁጥር ሰጥተዋታል። ስለ እናታችን ቤት ዕቃ ነው አለች፤ እናታችን ሞታለች፤ ቤቱ ሊለቀቅ ነው።

እናታችን ሞታለች የሚለውን ከሰማሁ በኋላ ሌላው ጆሮዬ አልገባም። "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ብዬ ዘጋሁት። መቼ ሞተች አላልኩም። እሱ ያውቃል ወይ አላልኩም። ለምን ልበል? እናቱ የሞተችበት ሰው ጠዋት ከኔ ጋር ስለ ቧንቧ ሲጨቃጨቅ አይውልማ! ቃሊቲ ውስጥ ማንንም ብትጠይቁ እንደዛ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

"ምንድነው?" አሉ ጋሽ ከድር።

"የዲተር እናት አርፈዋል።"

"ኢና ሊላሂ!" አሉና የሱቁን መዝጊያ ግማሹን መለስ አደረጉት። "ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። እሱ እንዳይሰማ። መርዶው በደንቡ ይነገራል።"

በአንድ ምሽት ሰውየው ተወደደ ብላችሁ ታምናላችሁ? ከእድሩ እናስወጣው ሲሉ የነበሩት ሁሉ ከንፈር መጠጡለት። እትዬ ዘነበች እራቱን ሲያቀርቡለት ሽሮው ላይ ቅቤ ጨመሩበት፤ ከዚያ እኔ ጋ መጥተው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው "ሳያውቅ ይበላል የኔ ጌታ! እየሳቀ ይበላል!" አሉኝ። የኔም ንቀት ለጊዜው መሬት ወረደ። እናት እናት ናት አልኩ።

ሊነጋጋ ሲል ተሰባሰብን። የእድሩ ልጆች ድንኳኑን አጥር ስር አዘጋጅተዋል። ሴቶቹ ከኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሰው መርዶ ሲሰማ ራሱን ከመሬት ስለሚፈጠፍጥ ሁለት ጉልበተኞች በግራና በቀኝ እንዲቆሙ ተመድበዋል። ከፊት ጋሽ ከድር፣ ከጎናቸው እኔ። አንኳኳን።

ዲተር በፒጃማ በሩን ከፈተ። ሁለቱ ጉልበተኞች ክንዱን ለቀም አደረጉት። ሌባ የገባበት መስሎት "ገንዘቡ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነው! ውሰዱት!" አለ።

"ቀስ ብለህ ተርጉም" አሉኝ ጋሽ ከድር፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ ሚስተር ዲተር፣ ሁላችንም የፈጣሪ ነን። የሰጠ እሱ ነው፣ የሚወስድም እሱ ነው። ወንድ ልጅ ጠንካራ ነው። አንተም አዋቂ ሰው ነህ..."

እኔ እተረጉማለሁ። የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ እንዳልኳችሁ ነው፤ "ተጠንቀቅ፣ አደጋ አለ፣ ቆመህ ጠብቅ" እያልኩ ገባሁበት። ዲተር እኔን ያያል፣ እሳቸውን ያያል፣ ልጆቹን ያያል።

"እናትህ" አሉ ጋሽ ከድር፣ "እናትህ አርፈዋል።"

ይሄን ጊዜ ከኋላ እትዬ ዘነበች "ወይኔ እናቴን!" ብለው ለቀቁት። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ደረት ተደቃ። ድንኳኑም ብድግ አለ። ሁለቱ ጉልበተኞች ዲተርን ጥርሳቸውን ነክሰው ያዙት።

ዲተር ግን አልተወራጨም። "አዎ" አለ። "አውቃለሁ። ወር ሊሆናት ነው። እህቴ ፋብሪካ ደውላ ነግራኛለች።"

አልተረጎምኩም። ጋሽ ከድር አዩኝ። "ምን አለ?"

"ያውቃል።"

"ምኑን?"

"ወር ሊሆናት ነው አለ።"

ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ፤ መብራት ሲቋረጥ በየቤቱ እንደሚጠፋው። መጨረሻ ላይ አንዲት ጆሮዋ የማይሰማ ሴትዮ ብቻ ቀረች፤ እሷንም ጎሸም አደረጓት። ጉልበተኞቹ ክንዱን ለቀቁት፤ አለቃቀቃቸው ቆሻሻ የያዙ ይመስል ነበር።

እትዬ ዘነበች ሰው እየገፉ መጡ። "ወር ሙሉ? ወር ሙሉ እናቱን ውጦ ሽሮዬን ሲበላ ነበር? ባለፈው ቴሌቪዥን አይቶ ሲስቅ ነበር እኮ! ጠይቀው እስቲ፣ ሰው ነው?"

ለስለስ አድርጌ ጠየቅኩት። ዲተር ጣቱን አነሳ። "ምን ላድርግ?" አለ። "ተቀብራለች። ድርጅቱ ሁሉን ጨርሷል። እኔ ብሄድ አትነሳም። አስቸጋሪ ሴት ነበረች፤ ሁልጊዜ አትመጣም ወይ፣ መቼ ነው የምትመጣው ነው። ከሷ ጭቅጭቅ እንኳን..." ብሎ ያቺን ቃሉን ሊላት አፉን ከፈተ። አየሁት። አፉ ላይ ደርሳ ነበር። የሰዉን ፊት አይቶ ዋጣት።

ትንሽ ብልጥ ነው ማለት ነው። ብሏት ቢሆን ኖሮ ድንኳኑ ለሱ ይሆን ነበር።

አሁን ምን ይደረግ? ድንኳኑ ቆሟል፣ ወንበሩ መጥቷል፣ ንፍሮው ተጥዷል። አንዳንዱ እንበተን አለ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አጠበቁ። "ሴትዮዋ ምን አጠፋች?" አሉ። "እሱ ባያለቅስላት እኛ እናለቅስላታለን።" ተቀመጡ። ሁሉም ተቀመጠ። ዲተር ሱሪውን ለበሰና በመሀላችን አልፎ ስራ ሄደ። እውነቴን ነው የምላችሁ። ስራ ሄደ!

ማታ ሲመለስ ግን በሩ ጋ ለመድረስ በድንኳኑ ውስጥ ማለፍ ነበረበት። ሰው ከሳሪስም፣ ከአቃቂም ሰምቶ መጥቷል። ማንም ነገሩን አያውቅም፤ ፈረንጅ እናቱ ሞታበት ነው የተባለው። ሰዉ እየተነሳ እጁን ይጨብጠዋል፣ "እግዚአብሔር ያጥናህ" ይለዋል። እሱ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" እያለ በጎን በጎኑ ያልፋል። አንድ ሽማግሌ እጁን ይዘው አልለቅ ብለው አለቀሱለት። ዲተር ወደኔ ዞሮ "ያውቋታል እንዴ?" አለኝ። እንደዛ ለሚጠይቅ ሰው መልስ አላባክንም።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ከመነሳቱ በፊት ጋሽ ከድር አስጠሩት። እድርተኛው ተቀምጧል። ጉዳዩ ይታወቃል፤ ይሰረዝ ወይስ አይሰረዝ። ዲተርም ያውቃል፤ ጆሮው ቀልቷል።

"ለምን ደበቅከን?" አሉት።

"አልደበቅኩም። የጠየቀኝ የለም።"

"በየጠዋቱ እናትህ ሞተች ወይ እያልን እንጠይቅህ?"

"የራሴ ጉዳይ ነው። እኛ አገር ሰው የራሱን ነገር ሰው ላይ አይጭንም። ደግሞስ ብነግራችሁ ምን ታደርጉ ነበር?"

ተረጎምኩላቸው። ጋሽ ከድር ብዙም አላሰቡም። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ዳር ላይ እንቅልፍ የጣላቸውን ሴቶች በእጃቸው ዞር አድርገው አሳዩት።

"ይሄንን" አሉት።

ይቺን አልተረጎምኩም። ዲተር የእጃቸውን አቅጣጫ ተከትሎ አየ። ጣቱ ተነስቶ ነበር፤ ምን ሊልበት እንደነበር እንጃ፣ ቀስ ብሎ አወረደው።

"ይሰረዝ!" አለ አንዱ። "እናቱን ያልቀበረ ማንን ሊቀብር?"

እትዬ ዘነበች እንኳን ለሱ ቃል አልነበራቸውም። ጋሽ ከድር ግን ዳኛ ናቸው። "አንድ ለቅሶ ዕዳ አለበት" አሉ። "በዘበኛ የሚላክ አይደለም። በትከሻው ነው። ቀጥሎ ሰው ሲሞት ድንኳኑን ተሸክሞ ይመጣል፣ ተክሎ ይቀመጣል፣ ሰው እስኪሸኝ አይነሳም። ከቀረ ስሙን አውጡት፣ እኔንም አትጠይቁኝ።"

ቀጥሎ የሞቱት የጎሚስታው ሙላቱ እናት ናቸው። ሙላቱ ዋናው መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግን የጉራጌ ልጅ ነው፤ እናቱ አገር ቤት ከርመው ገና መምጣታቸው ነበር። ጥሩምባው ሲነፋ ተነስቼ ዲተር በር ላይ ቆምኩ። እንደሚቀር እርግጠኛ ነበርኩ፤ የምሰድበውንም ስድብ መርጬ ነው የሄድኩት፣ ያውም በሁለት ቋንቋ።

ወጣ። ለብሶ ወጣ። ስድቤን ዋጥኩት።

ከጎረምሶቹ ጋር የድንኳኑን ቋሚ ተሸከመ። ዳሌውን እያመመው፣ "እነዚህ ብረቶች ቁጥር ሊጻፍባቸው ይገባል፤ የቱ ከየቱ እንደሚገጥም በምን ይታወቃል?" እያለ ተሸከመ። ልጆቹ ሳቁበት። እኔም ሳቅኩበት። ተክሎ ሲጨርስ አግዳሚ ላይ ከጎኔ ተቀመጠ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፤ አውቶብስ የሚጠብቅ ይመስላል።

ከቀብር ተመልሰን ንፍሮ ሲዞር ሙላቱ ፍራሹ ላይ ሆኖ ሲናገር ነበር። አይጮህም። ግን ይናገራል፤ ለሷው ነው የሚናገረው።

"ምን እያለ ነው?" አለኝ ዲተር።

"ትናንት ከስራ ስወጣ እመጣለሁ ብያት ነበር ነው የሚለው። ጎማ መጣብኝና ቀረሁ ይላል።"

"ለምን ነበር የሚሄደው?"

"እንዴት ለምን?"

"ጉዳይ ነበረው?"

"ምን ጉዳይ ያስፈልገዋል? እናቱ ናት፤ ሊያያት ነዋ።"

ዓይኑን ፍራሹ ላይ ተከለ። እኔም ንፍሮዬን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ አግዳሚው ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ዘወር ብዬ ባይ ዲተር ጎንበስ ብሏል። መጀመሪያ ዳሌው መሰለኝ። ከዚያ ድምፁ ወጣ። እኔ ሰው ሲያለቅስ ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደዛ የሚያስጠላ ለቅሶ ግን ሰምቼ አላውቅም። አያውቅበትም። ዜማ የለው፣ ልክ የለው፤ ያልተሞረደ መጋዝ ብረት ላይ ሲሄድ ነው የሚመስለው። በቋንቋው የሆነ ነገር ይላል፣ ደግሞ ያንኑ ይላል። ዓይኑን በመዳፉ ሳይሆን በክርኑ ይጠርጋል። ድንኳኑ ሙሉ ዞሮ አየን። አፈርኩ ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ፣ በማንም ፊት አፍሬ የማላውቀው!

"ይሄ ፈረንጅ የሟች ምናቸው ነው?" ይባባላል ሰዉ።

ሙላቱ ከፍራሹ ተነስቶ መጣ። ዓይኑ ደም መስሏል። ዲተርን ከላይ አየውና ወደኔ ዞረ።

"ጋሼ፣ እናቴን ያውቃት ነበር እንዴ?"

"አያውቃትም" አልኩት።

"ታዲያ?"

ለሁሉ ነገር መልስ ያለኝ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ፈልጌ ፈልጌ ይቺን ብቻ አገኘሁ። "የራሱን ነው" አልኩት። "ዘግይቶ ነው።"

ሙላቱ ራሱን ነቀነቀ። ጎንበስ አለና ዲተርን ብብቱ ስር ገብቶ አነሳው። "በል ና" አለው፤ በአማርኛ ነው፣ ዲተር ግን ተነሳ። "አግዳሚ ላይ ብቻህን አይሆንም።" እየደገፈ ወሰደው። ፍራሹ ላይ የነበሩት ዘመዶች ጠጋ ጠጋ አሉ። እትዬ ዘነበች ከሴቶቹ መሀል ብቅ ብለው አዩትና አንድ ጋቢ ተቀብለው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት።

ረጅም እግሩን የሚያደርግበት አጥቶ፣ ካልሲው ሁሉ ጭቃ ሆኖ፣ ዲተር ከሙላቱ ጎን ተቀመጠ። ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ለሙላቱ ጎንበስ ይላል፣ ቀጥሎ ለሱ።

"እግዚአብሔር ያጥናችሁ" ይላል፤ ለሁለቱም።